ከእንባ አይብለጥ

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ ጨዌ ይለዋል። በባሕሩ ዳር ጥልቀት በሌላቸው ሰፋፊ ኩሬዎች ውሃ እያስተኛ፣ ፀሐይ ስታደርቀው ጨዉን በአካፋ እየዛቀ የኖረ ሰው ነው። ምላሱ ከሞተ ቆይቷል። እህቴ ያበሰለችውን ሁሉ «ምንም ምንም አይልም» እያለ ጨው በእፍኝ ሲነሰንስበት እኔ እበግናለሁ፤ እሱ ይስቃል። ስለ ሥራው ሲጠይቁት መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ፀሐይ የምትወስደው ውሃውን ነው፣ ጨው የትም አይሄድ።

በዚያ የሙቀት ወር ገና መዳህ የጀመረ ልጃቸውን ተቅማጥ ያዘው። ነርሷ በከረጢት የታሸገ የጨውና የስኳር ዱቄት ሰጥታ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጣ በማንኪያ እንድታጠጣው፣ ጨውነቱም ከእንባ እንዳይበልጥ ለእህቴ ነገረቻት። እህቴ ከዚህ ሁሉ ምክር አጥብቃ የያዘችው መፍላቱን ነው። ጠዋት የበጠበጠችውን ልታጠጣው ባሰበች ቁጥር መልሳ ታፈላው ጀመር። ንጹሕ ይሁንለት ብላ ነው፤ እናት ናት። ውሃው እየተነነ ድስቱ ጎደለ። የቀረው ግን ኩልል ያለ ስለነበር ምንም አልጠረጠረችም።

ወደ ማታ ልጁ ማንኪያውን በምላሱ ይገፋ ጀመር። ጨነቃትና ባሏን ቅመስልኝ አለችው። ቀመሰ፤ ደግሞም ቀመሰ።

«እንኳን እንባ ሊሆን የዝናብ ውሃ ነው» አላት። «አጠጪው።»

ጨው የሚያውቅ ሰው ካለ እሱ ነው ብላ አመነችው። የልጁን አፍ ፈልቅቃ ማንኪያ በማንኪያ አጠጣችው።

ሲነጋ ተጠርቼ ስደርስ ልጁ ያለቅሳል፣ እንባ ግን የለውም። ጤና ጣቢያ ሳንገባ ያንቀጠቅጠው ጀመር። ነርሷ የሚጠጣበትን አምጡ ብትል ሮጬ ድስቱን አመጣሁ። በጣቷ ነክታ ቀመሰችና ተፋችው። ከዚያ ድስቱን ወደ ጨዌ አዘነበለችው። ውሃው እየጎደለ በወረደበት ሁሉ ነጭ ቀለበት ጋግሯል። ያን ቀለበት በየኩሬው ዳር ሲያየው ነው የኖረው፤ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

«ውሃው ነው የሄደው» አለ ቀስ ብሎ።

ልጁ ቀትር ሳይሆን ሞተ።

ከቀብር ስንመለስ አንጀቴ አርሮ ነበርና ያንን ምላሱን ልሰድብለት ወደ ጓሮ ሄድኩ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እንባውን በጣቱ እየጠረገ ምላሱ ላይ ያደርጋል። ይቀምስና ደግሞ ይጠርጋል። ምን እያደረግክ ነው አልኩት።

«ምንም ምንም አይልም» አለኝ።