ባለጌ ነው፣ ግን አይከዳም

ሳህሊቱ ሦስቱን አልጋው ላይ ጎን ለጎን ዘርግታቸዋለች። ነጋሽ ፎጣውን ወገቡ ላይ እንደጠቀለለ በሩ አጠገብ ቆሞ ያያቸዋል። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ከውጭ የባጃጅ ጡሩንባና ጫት ጭነው የሚወጡ መኪኖች ድምፅ ይሰማል።

«ትንሿ ለገበያ ናት» አለች፣ ጣቷን ስሷ ፓድ ላይ አሳርፋ። «ጠብ ጠብ የሚለውን ትይዛለች እንጂ ከዚያ በላይ አቅም የላትም። ይሄ እንደ ፓንት የሚለበሰው ጨዋ ነው። ድምፅ የለውም፤ ከሱሪ ሥርም አይታይም። ግን ረጅም መንገድ ላይ ይከዳል፤ ብዙ ከተቀመጥክበት ከጀርባው ያፈሳል።» ከዚያ ግራና ቀኙ በማጣበቂያ ወደሚታሰረው ወፍራም ዳይፐር ዞረች። «ይሄኛው ደግሞ ባለጌ ነው። በተነሣህ በተቀመጥክ ቁጥር ኮሽ ይላል። ግን አይከዳም።»

ከተናገረችው ሁሉ ነጋሽ ጆሮ ውስጥ የቀረችው አንዲት ቃል ናት። ባለጌ።

በትዳር በኖሩበት ዘመን ሁሉ ሳህሊቱ ዕቃን ባለጌ ስትል ሰምቶ አያውቅም። የኤሌክትሪክ ምድጃው ሲቃጠልባት «ተበላሸ» ነው የምትለው፤ ዣንጥላዋ በነፋስ ሲገለበጥ «ሄደ» ትላለች። በጭሮ ከተማ ሚዛንን ባለጌ፣ መኪናን ባለጌ፣ ያለ ጊዜው የመጣ ዝናብን ባለጌ ብሎ የሚሰድብ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የጫት ነጋዴው አብዱልቃዲር ነው።

ማን እንደነገራት ጠየቃት።

«ሰው ነገረኝ።»

«ማን ሰው?»

«ሰው ነዋ» አለች፣ የአልጋ ልብሱን እያቃናች። «ሁሉን አንተ ነህ እንዴ የምታውቀው?»

ከፕሮስቴቱ ቀዶ ጥገና ወዲህ ነጋሽ ሲያስል፣ ሲስቅ፣ ከወንበር ብድግ ሲል ራሱን መቆጣጠር አቅቶታል። ሐኪሙ ከጊዜ ጋር ይሻሻላል ብሎታል፤ ጊዜው ግን ከሐኪሙ ቃል በላይ ረዘመ። ይህን ከሳህሊቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ልጆቹ አያውቁም፤ እህቱም አታውቅም። ከፋርማሲ የምትገዛለት እሷ፣ የምትጥለው እሷ ነበረች፤ ስለ ነገሩም ከአስፈላጊው በላይ እንዳትናገር በዓይኑ ከልክሏት ኖሯል። አሁን ግን ይህ በሁለታቸው መካከል የተቀበረ ገበና የሌላ ሰው ቃል ተለጥፎበት አልጋው ላይ ተዘርግቷል።

ባለፈው ሰሞን ጫት ተራ በኩል ሲያልፍ ሳህሊቱን አብዱልቃዲር መደብር ውስጥ አይቷት ነበር። ጎንበስ ብላ በቀስታ ታወራለች፤ ሰውየው አገጩን በመዳፉ ደግፎ ያዳምጣታል። ነጋሽ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ሁለቱም ዝም አሉ። እሱም አልፎ ሄደ።

«ፓንቱን ልበስና ትንሿን ውስጡ ጨምርበት» አለች ሳህሊቱ። «ገለምሶ ስትደርሱ ሆቴል ገባ ብለህ ትቀይራለህ።»

«እኔ የማይከዳውን ነው የምፈልገው» አለ ነጋሽ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ።

ሳህሊቱ ጥቂት አየችው። ሁለቱን አጣጥፋ ወደ ከረጢቱ መለሰችና «እንደወደድክ» ብላ ወጣች። ማጣበቂያውን እንድታስርለት አልጠራትም። ለብቻው ሲታገል ቆይቶ፣ ሱሪውን አጥልቆ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ሲል፣ ባለጌው ኮሽ አለ።

የዕለቱ ጉዳይ ሽምግልና ነው። የእህቱ ልጅ ጌዲዮን የገለምሶ የቡና ነጋዴ የሆነውን የአቶ ሲራክን ልጅ ዮዲን ወዷል። ነጋሽ በአጎትነቱ ዋናው ተናጋሪ ሆኗል፤ ጎረቤቱ ጡረተኛው መምህር ማቲዎስ መኪናውንም ራሱንም አቅርቧል። ሦስተኛው ሽማግሌ አብዱልቃዲር ነው። ነጋሽ ሌላ ሰው ይፈለግ ብሎ ነበር፤ እህቱ ግን ሲራክ እንደ አብዱልቃዲር የሚያከብረው ሰው የለም፣ ለዓመታት አብረው ነግደዋል ብላ አልሰማችውም።

መኪናው ሲቆም አብዱልቃዲር ከመደብሩ ደጃፍ በተተኮሰ ኮት፣ በሂና በቀላ ጢም ወጣ። «አካም ቡልቴ፣ ቡልጋሪያ» አለ፣ እንዴት አደርክ ለማለት። ነጋሽ ከቡልጋሪያ ትምህርቱ ከተመለሰ ጀምሮ በሌላ ስም ጠርቶት አያውቅም።

የፊተኛውን ወንበር የማቲዎስ የሽንኩርት ከረጢት ይዞታል። ለገለምሶ ዘመዶቹ ነው አለ፤ ሽማግሌ ደግሞ ወጉ ከኋላ ነው ብሎ ሳቀ። ሁለቱ ከኋላ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ደግነቱ የመኪናው ሞተር ከሰው ሁሉ በላይ ይጮኻል።

ከጭሮ ወጥተው ዳገቱን ሲጀምሩ ነጋሽ በመስኮቱ በኩል የጫት እርከኖቹን እያየ አሮጌውን ሂሳብ ከፈተ። በወጣትነቱ የመሬት ቅየሳ ሊማር ቡልጋሪያ ሲሄድ ሳህሊቱ ሚኤሶ አስተማሪ ነበረች። አብዱልቃዲር ያን ጊዜ ነጋዴ አልነበረም፤ ወደ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ እህል የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳህሊቱ ወደ ጭሮ የምትመጣው በእሱ መኪና፣ ጋቢና ተቀምጣ ነው። ነጋሽ ሲመለስ ከተማው የነገረው ይህን ብቻ ነው፤ ጋቢና ትቀመጥ ነበር። ከዚያ በላይ የተናገረ የለም። አንድ ጊዜ ጠይቋት ነበር። «ጠበቅኩህ» አለችው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መሬት ሲለካ የኖረው ነጋሽ፣ በዚያ መኪና መሪና በጋቢናው ወንበር መካከል የነበረውን ርቀት ለክቶ መጨረስ ግን አልቻለም።

አሁን ደግሞ ይኸው ሰው አጠገቡ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። እንደልቡ ያስላል፤ ማቲዎስ በቀለደ ቁጥር ሆዱን ይዞ ይስቃል። ምንም የማያርሰው ደረቅ ሰው ነው ሲል አሰበ ነጋሽ። ቅናቱ የሚስት ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባው፤ በሰውየው ሳቅም ቀና።

ማቲዎስ ከፊት የውሃ ላስቲክ አቀበላቸው። ነጋሽ አልጠማኝም አለ። አብዱልቃዲርም ላስቲኩን ተቀብሎ አገላብጦ አየውና ጠዋት ጠጥቻለሁ ብሎ መለሰው። ነጋሽ በጎን ገረመመው። ያውቃል፤ ነግራዋለች፤ ይኸው በኔ እያሾፈ ነው።

«ጫትህስ የታለች?» አለ ማቲዎስ በመስታወቱ እያየ። «አንተ ያለ ፌስታል ስትሄድ ራቁትህን የሄድክ ነው የሚመስለኝ።»

«ዛሬ ለክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ» አለ አብዱልቃዲር። «ቅጠል አልያዝኩም።»

የአቶ ሲራክ ሳሎን ዙሪያውን ፍራሽና ትራስ የተደረደረበት ነው። ሦስቱ ወጉ እንደሚያዘው በሩ ሥር ቆሙ። ተቀመጡ ቢባሉም መጀመሪያ ቃላችን ይሰማ አሉ። የቤቱ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ያያቸዋል፤ የሲራክ ሚስት፣ አክስቶች፣ ከበሩ ጀርባ በመጋረጃው ሥር የሚታይ የአንዲት ልጅ እግር። ነጋሽ ለቁም ነገር መምጣታቸውን፣ ጌዲዮን ለአቶ ሲራክ ቤት ልጅ እንዲሆን መለመናቸውን ተናገረ። ድምፁ አልከዳውም። ሲራክ አንገቱን ነቀነቀና እንግዲህ ሰምተናል፣ አረፍ በሉ አለ።

ነጋሽና አብዱልቃዲር እኩል ጎንበስ አሉ፤ እኩል ፍራሹ ላይ ዝቅ አሉ።

ኮሽ።

በዚያ ጸጥታ መሐል ድምፁ ደረቅ ቅጠል በእግር እንደተረገጠ ያህል ነበር። አንደኛዋ አክስት ቀና ብላ አየች። የነጋሽ ደም ወደ ጆሮው ወጣ። ወደ ጎን ሲመለከት ያላሰበውን አየ፤ የአብዱልቃዲር ፊት አመድ መስሏል። የሰውየው እጅ ፈጥኖ ኮቱ ኪስ ውስጥ ገባ፣ ጥቁር ፌስታል ይዞ ወጣ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎም ጨመደደው።

«ይቅርታ። ይሄ ፌስታል ባለጌ ነው።»

ማቲዎስ ለሽምግልናም ቅጠልህን አልተውክም ማለት ነው ብሎ ቀለደ። ሲራክ ሳቀ፤ ቤቱም ተከትሎት ሳቀ። ነጋሽ ብቻ አልሳቀም። ፌስታሉ ባዶ ነበር። ጫት ያልያዘ ሰው ባዶ ፌስታል ኪሱ አጣጥፎ የሚዞረው ለምንድን ነው? መልሱ ገና ሳይነግሩት ገባው። ሰውየውም ያንኑ ለብሷል፤ የገዛ ድምፁ መስሎት ደንግጧል።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ነጋሽ በግማሽ ጆሮ ነው የሰማው። ሲራክ ከዘመድ ጋር እመክራለሁ አለ፤ ቀጠሮ ሰጠ፤ ተመራረቁ። ነጋሽ ግን ሐሳቡ ጭሮ አልጋው ላይ ነበር። እንግዲያው «ሰው ነገረኝ» ያለችው ለብሶ የሚያውቀው ሰው ነው። ይህን የመሰለ ነገር ወንድ ለሴት የሚነግረው ምን ያህል ሲቀርባት ነው?

ሲመለሱ በደሳ ከተማ ላይ ማቲዎስ ሞተሩን አጥፍቶ ሙዝ ሊገዛ ወረደ። መኪናው ውስጥ የሽንኩርት ሽታ ብቻ ቀረ። አብዱልቃዲር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ሰማህ አይደል?» አለ።

«ምኑን?»

«ተው ነጋሽ። የቤቱን ነው የምልህ። እንዳልሰማ ሆነህልኛል፣ አላህ ይስጥልኝ።» ስሙን ሲጠራው የመጀመሪያው ነበር። «ስኳሩ ነው እንዲህ ያደረገኝ። ሚስቴ ዑሙልኸይር በሕይወት ሳለች እሷ ነበረች የምትገዛልኝ። ከሞተች ወዲህ ራሴ እሄዳለሁ፤ ነጅዋ ፋርማሲ ሰው እስኪጠፋ ጠብቄ። አንድ ቀን ስገባ ሳህሊቱ ያንኑ እሽግ ይዛ ቆማለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ግን ምንም ሳልጠይቃት ‹ለራሴ ነው› አለችኝ።»

«ለራሴ ነው አለች?»

«አትፈርባት። ዕድሜ ነው፣ ወሊድ ነው። እንደዚያ ተሸማቃ ሳያት ዝም ማለት አቃተኝና የራሴን ነገርኳት። ልጆቼ የማያውቁትን። የቱ ባለጌ፣ የቱ ጨዋ፣ የቱ ከሃዲ እንደሆነ ሁሉንም። ወላሂ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩበት። እሷም ሳቀች።» ወደ ነጋሽ ሳይዞር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባሏ ነህ፣ ታውቃለህ ብዬ ነው የማወራህ። ግን እንደነገርኩህ አትንገራት። አምናኛለች።»

ነጋሽ ዓይኑን ጨፈነ። ሳህሊቱ ፋርማሲው ባንኮኒ ፊት ቆማ ታየችው። በዓለም ላይ ወጣት ሆና ብትታየው የምትወደው አንድ ሰው ካለ እሱ ፊት ቆማ፣ የባሏን ገበና አንስታ በራሷ ላይ ስታለብስ። ይህን ካደረገች በኋላ ወደ ቤት ገብታ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ልቡ በአንድ በኩል ሲቀልጥ በሌላ በኩል እንደገና ነደደ። ቤቷ ውስጥ ስለዚህ ነገር ስቃ አታውቅም፤ እሱ መች አስቋት ያውቃል? የሳቀችው እዚያ ነው። እሱ ያላየው ሳቅ፣ እሱ ያልሰማው ወሬ፣ አሁንም እንደ ድሮው የሆነ ጋቢና ውስጥ ቀርቷል። አብዱልቃዲር ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህሊቱን በምን ዓይነት ርኅራኄ ሲያያት እንደኖረ አሰበ፤ ነገም ከነገ ወዲያም እንዲሁ ያያታል። ነጋሽ ዝም ካለ ያ ርኅራኄ የሁለቱ ሆኖ ይቀጥላል፤ እሱም በአብዱልቃዲር ዓይን ደረቅ ሰው ሆኖ ይኖራል። ከተናገረ ደግሞ በዚህ ምድር ላይ ሊያዋርደው የማይፈልገው ሰው ፊት ይዋረዳል።

ማቲዎስ ሙዙን አንጠልጥሎ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል፤ የጭነት መኪና እስኪያልፍለት ይጠብቃል።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ነጋሽ ግን ሁለት እጁን ወንበሩ ላይ ተክሎ ራሱን ከፍ አደረገና፣ እያወቀ፣ በሙሉ ክብደቱ መልሶ ተቀመጠ።

ኮሽ።

የአብዱልቃዲር እጅ እንደ ልማዱ ወደ ኪሱ ሮጠ፤ ፌስታሉን ጨበጠ፤ እዚያው እንደጨበጠ ቆመ። እሱ አልተንቀሳቀሰም ነበር።

ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ነጋሽ አዞረ።