ጃቫ ጠርጋ እስክትጨርስ

አባትና ልጅ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ። እሱ የጨርቅ ማቅለሚያውን ገንዳ ያጥባል፤ ልጁ ሚጡ ደግሞ ገንዳውን የሚያዘውን ኮምፒውተር ታዛለች። ኮምፒውተር ከተባለ ነው እንግዲህ! ዶስ ከሚባለው የድሮ ሥርዓት ሌላ የማይገባው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል የሚደረድር አሮጌ ዕቃ። የፋብሪካው ባለቤት «እየሠራ ለምን ይለወጣል?» ብሎ ድርቅ አለ። ሚጡም ጃቫ ከሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውጭ መጻፍ ስለማይሆንላት፣ ለዶስ የምትሆን ሚጢጢ ጃቫ ፈላልጋ ጫነችበት። የፍል ውሃውን ቫልቭ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ፕሮግራም በዚያ ጻፈች።

ሠራ። አንድ ክፉ አመል ብቻ አለው፤ ሜሞሪው ጠባብ ነውና በሞላ ቁጥር ጃቫ ሥራውን ሁሉ አስቁማ፣ የማይፈለገውን ጠራርጋ ትጥላለች። እስክትጨርስ ቁልፍ ቢጫኑ፣ ቢለምኑ፣ ቢሳደቡ አትሰማም። አባቷ ይህን ሲሰማ በሳቅ ፍርስ አለ።

«ቁርጥ እናትሽን! እሷስ ቤት ስትጠርግ በር ላይ ትገትረን የለ? ንጉሥ ቢመጣ አታሳልፍም።»

አንድ ቀን ሚጡ ፕሮግራሙን ልትሞክር «ሙላ» ብላ አዘዘች። ቫልቩ ሳይከፈት ስክሪኑ ቀጥ አለ። ጃቫ መጥረግ ጀምራለች። ሚጡ እስክትጨርስ ብላ በመስታወቱ አሻግራ ወደ ገንዳው ስታይ፣ የአባቷ ኮት ወደ ገንዳው በሚያስገባው መሰላል ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

ክው አለች። «ሳልነግርህ እንዳትገባ» ብላው ነበር እኮ! እሱ ግን «የልጄ ማሽን እኔን ምን ሊለኝ!» ባይ ነው። አይ አባት!

«አቁም» የሚለውን ቁልፍ ተጫነች። ማን ሊሰማት! እውነተኛው ፍርሃት የመጣው ያኔ ነው። ጃቫ ስትነቃ የትኛውን ታስቀድማለች? «ሙላ»ን ወይስ «አቁም»ን? የጻፈችው ራሷ ናት፤ ግን ሁሉም ነገር ከጭንቅላቷ ጥርግ ብሎ ጠፋባት።

«ጋሽ ቶሎ! አባባ ገንዳው ውስጥ ነው!»

ጋሽ ቶሎ የፈረቃው አለቃ ነው። ስሙን ሠራተኞቹ ያወጡለት ስለ ችኮላው ነው። እየሮጠ ገባና እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ።

«እንዳይነኩት!» እጁን ለቀም አደረገችው። «መብራት ካጣ ቫልቩ ራሱ ነው የሚከፈተው!»

«የእጅ መዝጊያውስ?»

«ዝጎ ተጣብቋል! ነገ ይጠገናል ያሉት እርስዎ አይደሉ? ይሂዱ፣ አባቴን ያውጡልኝ!»

ሰውየው በረረ። እሷም ልትከተለው ተነሣችና ተመልሳ ዘጭ አለች፤ ጃቫ ስትነቃ ቁልፉ ላይ ሰው መኖር አለበት። ጣቷን «አቁም» ላይ ተክላ፣ ዓይኗን ገንዳው ላይ ጥላ፣ «ጥረጊ፣ ጥረጊ፣ አትቸኩዪ» እያለች ግዑዙን ዕቃ ለመነችው። ቶሎ እንድትነቃ ይሁን እንዳትነቃ የምትፈልገው፣ ራሷም አታውቀውም።

አባቷ በማሽን ጩኸት ጆሮው ደክሟል። ጋሽ ቶሎ ገንዳውን በብረት ቀጠቀጠው። ምንም የለም። ደግሞ ቀጠቀጠው። ኋላ አንድ እጅ ታየ፤ ቀጥሎ ራሰ በራው ብቅ አለ። ጉልበቱን ያመዋልና አንዷን እርከን የሚወጣት በስንት መከራ!

«ቶሎ! ቶሎ!» ይላል አለቃው። ዕድሜ ልኩን ያለቦታዋ ሲያባክናት የኖረችው ቃል ዛሬ ቦታዋን አገኘች።

ስክሪኑ ላይ ያለችው ነጭ ጭረት ብልጭ አለች። ጃቫ ነቃች።

ያስቀደመችው «ሙላ»ን ነው። ፍል ውሃው እያገሳ ወረደ። ከዚያ «አቁም»ን አነበበችና ጸጥ አለ። እንፋሎቱ ግን ገንዳውንም፣ መሰላሉንም፣ ሰዎቹንም ዋጣቸው። ሚጡ ጣቷን ሳታነሣ አንገቷን ወደ መስታወቱ አሰገገች።

እንፋሎቱ ሳሳ ሲል አባቷ ገንዳው ጠርዝ ላይ እንደ ፈረስ ተፈናጦ፣ ጋሽ ቶሎ በብብቱ ይዞት ታየ። አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ጫማው ከታች ፍል ውሃው ላይ ይሽከረከራል። ሽማግሌው በመስታወቱ አያትና እየሳቀ ጮኸ።

«ሚጡ! እናትሽ ጠርጋ ጨረሰች?»

ሚጡ አልሳቀችም። ጣቷን ከ«አቁም» ላይ ማንሣት አቃታት፤ በኋላ አባቷ በአንድ ጫማው እያነከሰ መጥቶ፣ እያባበለ፣ በገዛ እጁ አላቀቀላት።