ደላላ አንዴ ነው የሚበላው

እታለማሁ ክፉ ነገርን ቀድማ መጠበቅ ልማዷ ነው። የመኪናዋ ነዳጅ ከግማሽ ሲወርድ ትሞላለች። ስልክ ያለ ሰዓቱ ከጮኸ መጀመሪያ ቁጭ ትላለች፣ ከዚያ ታነሣለች። ባሏ መርዕድ ሞተ ተብሎ የተደወለላት ዕለት ግን ቆማ ነበር፤ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ፣ የሾርባ ድስት እያማሰለች። ስትፈራ የኖረችው ሌላ ሌላውን ነበር፤ እሱን አልፈራችም።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሆነ። መርዕድ ትቶላት የሄደው የሕይወት ኢንሹራንስ ገንዘብ ሁለት መቶ ሺህ ዶላር ነበር፤ ስለ እሱ ያላት ሐሳብም አንድ ብቻ ነው። ስልሳ ሁለት ዓመቷ ሲሞላ ከዚያ ወጥ ቤት ወጥታ መቀመጥ። ጉልበቷ አልቋል። ደረጃ ስትወጣ ይንጣጣል፤ ልጇ ናዝራዊት "ፋንዲሻው ጀመረ" ትላታለች።

ነገሩን ያነሣችው ይህችው ናዝራዊት ናት። አዲስ ሥራ ይዛ፣ መሥሪያ ቤቷ ለጡረታ ስለሚያስቀምጥላት ገንዘብ ገለጻ ተሰጥቷት ነበርና ቁርስ ላይ እሱን ታወራ ጀመር።

"የኔ ፋንድ የሚቆርጠው ፊ ምንም ማለት ነው። ከሺህ ዶላር በዓመት ሃምሳ ሳንቲም። ያንቺ ስንት ነው ማሚ?"

"የኔ ሁለት ፐርሰንት ነበር።"

"ነበር?"

"ከፍዬ ጨርሻለሁ እኮ። ያኔ አባትሽ ያረፈ ጊዜ፣ ስንከፍተው።"

ናዝራዊት ዳቦዋን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። "ማሚ፣ ኖ። ኤቭሪ ይር ነው።"

"ምኑ?"

"ሁለት ፐርሰንቱ። በየዓመቱ ይወስዱታል። ከትርፉም አይደለም፣ ከጠቅላላው ነው። ብትከስሪም ይወስዳሉ።"

እታለማሁ ሣቀች። "እሱ የባንኮቹ ነው። የኔ እኮ በወንድሜነህ በኩል ነው።"

ልጅቷ የእናቷን አካውንት በስልኳ ከፈተችና በየሦስት ወሩ የተቆረጠውን በጣቷ ወደ ላይ እየገፋች አሳየቻት። ጣቷ ቶሎ አላቆመም። እታለማሁ መነጽሯን አጠለቀች፣ አወለቀች፣ እንደገና አጠለቀች።

ወንድሜነህ ማለት የመርዕድ የማኅበር ወንድም ነው። ለቅሶውን ያስተባበረው እሱ ነበር። የመቃብሩን ቦታ ዋጋ ተከራክሮ ያስቀነሰ፣ የሕይወት ታሪኩን አንብቦ ሰውን ያስለቀሰ እሱ። አርባው ሲያልፍ ደግሞ ቤቷ መጥቶ ገንዘቡ ባንክ ያለ ሥራ መቀመጥ እንደሌለበት አስረዳት።

"ራፕ ይባላል" አላት ያን ቀን። "መጠቅለያ ማለት ነው። አክሲዮኑንም፣ ቦንዱንም፣ መግዣ መሸጫውንም፣ የኔንም ምክር አንድ ላይ ጠቅልለን እናስቀምጥልሻለን። አንቺ ምንም አታስቢ። ሁለት ፐርሰንት ነው፣ በቃ፣ እንደ ደላላ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ እታለም።"

እንደ ደላላ አላት። እታለማሁ ደላላ ታውቃለች። አባቷ የጉለሌውን ቤት የሸጡ ጊዜ፣ ደላላው ሁለት ፐርሰንቱን ተቀብሎ፣ ምርቃት አስከትሎ ከበር ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው እንኳ ሰላምታ አልሰጣቸውም። ደላላ የሚባል ሰው አንዴ ይበላል፣ አበቃ። በየዓመቱ እየመጣ ከሸጥከው ቤት ላይ በር እየነቀለ የሚሄድ ደላላ ሰምታ አታውቅም።

"ወደ ሠላሳ ሺህ ወስደዋል" አለች ናዝራዊት። "ይሄ ደግሞ ቢቀመጥ ኖሮ ይወልድ የነበረውን ሳይጨምር ነው።"

እታለማሁ በዶላር አልመዘነችውም። አንድ ዓመት ሙሉ ድስት ሥር ቆማ እጇ የሚገባው ያን ያህል ነው። እንቁላሉስ በእግሩ ሄዷል፤ የሄደው ግን ወደ ወንድሜነህ ነው።

"ዛሬውኑ ይወጣል" አለች ልጅቷ።

"ቆይ። ሰው ሲቆጣ አይወስንም።"

ሳምንቱን ሙሉ በልቧ ስትመዝን ሰነበተች። እውነት ለመናገር፣ ወንድሜነህ ምንም አልሠራም ማለት አትችልም። ባለፈው ሚያዝያ ገበያው የወደቀ ጊዜ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ቀይ ቀስት ብቻ በሚታይበት ሰሞን፣ ከሥራ ቦታዋ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ገብታ ደውላለት ነበር። ትንፋሿ እየጨሰ፣ ሁሉንም አውጣልኝ አለችው።

"የት ነሽ?" አላት።

"ፍሪጅ ውስጥ።"

"ውጪ። ስልክሽን ዝጊና ድንችሽን ላጪ። አንድ ወር አካውንቱን እንዳታዪው።"

አላየችም። ገበያው ተመለሰ። ያን ቀን ባያነሣላት ኖሮ በርካሽ ሸጣ ቁጭ ብላ ነበር፤ ራሷን ታውቃለች።

"ለዚያች አንዲት ስልክ ነው በዓመት ከአራት ሺህ ዶላር በላይ?" አለች ናዝራዊት። "እኔ በነፃ ድንችሽን ላጪ እልሻለሁ።"

"አንቺ ስልክ አታነሺም።"



በሳምንቱ ቅዳሜ ናዝራዊት እየነዳች፣ ድልድዩን ተሻግረው ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ ገቡ። የወንድሜነህ ቢሮ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ነው። ሊፍቱ ስለማይሠራ እታለማሁ ፋንዲሻዋን እያሰማች ወጣች። ናዝራዊት መኪና ውስጥ ቀረች፤ እናቷ ናት ቅሪ ያለቻት። ልጅ ፊት እንዲያፍር አልፈለገችም።

ወንድሜነህ ተነሥቶ ሳማት፣ ሻይ አስመጣላት፣ ስለ ጉልበቷ ጠየቃት። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ወደ እሷ አዙሮ ባለ ቀለም ክብ ስዕል ያሳያት ጀመር፤ ሰማያዊው ይህ ነው፣ አረንጓዴው ያ ነው እያለ።

"ወንድሜነህ" አለችው። "ሁለት ፐርሰንቱ በየዓመቱ ነው እንዴ?"

እጁ ሰማያዊው ላይ ቆመ። "አዎ። እንዴ፣ ሰባት ዓመትሽ እኮ ነው።"

"እንደ ደላላ ነው አልከኝ።"

"እንደ ደላላ ብዬ ይሆናል። አንዴ ነው ብዬሻለሁ?"

"ደላላ ስንት ጊዜ ነው የሚበላው?"

ፈገግ አለ። "አየሽ፣ ይሄ አገራችን ያለው ደላላ አይደለም። እዚህ ሥራው አያልቅም። ፕላትፎርሙ፣ ገንዘብሽን የያዘው ድርጅት፣ የራሱን ይወስዳል፣ ፋንዶቹ የራሳቸውን ይወስዳሉ፣ እኔ ጋ የሚደርሰው ግማሹ እንኳ አይሞላም። ደግሞ ፈርመሻል።"

"ፈርሜያለሁ። መርዕድን ቀብሬ የመጣሁ ሰሞን፣ አንተ ፈርሚ ያልከኝን ሁሉ ፈርሜያለሁ።"

ሻዩን አልነካችውም። ስታስብ የመጣችውን ጥያቄ ጠየቀችው። "በዚህ ዓመት ምን ሠራህልኝ? ልወቅስህ አይደለም፤ ልወቅ ብዬ ነው። ገዝተህልኛል? ሸጠህልኛል?"

"ፖርትፎሊዮሽ፣ የተገዛልሽ ሁሉ፣ የተረጋጋ ነው። አለመንካትም ሥራ ነው።"

"አለመንካቱንስ እኔም እችላለሁ።"

"ሚያዝያ ላይ ችለሻል?"

ነካት። ዓይኗን ሻዩ ላይ ጣለች። እውነቱን ነው፣ አልቻለችም። ለአንድ አፍታ፣ ሻዩን ጠጥታ፣ አመስግና፣ እንደመጣች ልትመለስ ምንም አልቀራት። ስትፈራ የሚያረጋጋትን ሰው መርጣ ገንዘብ ብትከፍለው ምን ነውር አለው? ዝምታዋን ግን ወንድሜነህ ኩርፊያ አድርጎ ሳያየው አልቀረም፣ ቀድሞ ተናገረ።

"እሺ ስሚኝ። ለሌላ ሰው አላደርገውም። ላንቺ ግን፣ ለመርዕድ ስል፣ ወደ አንድ አወርደዋለሁ። ሰኞ አንድ ኢሜይል ብቻ ነው የሚፈልገው።"

"አንድ ኢሜይል?"

"አንድ ኢሜይል።"

"ይቻል ነበር ማለት ነው?"

"ለ... ለየት ላሉ ሰዎች ይደረጋል።"

"ሰባት ዓመት ሙሉ ለየት ያልኩ አልነበርኩም?" አለች፣ ድምጿን ሳታነሣ። "መርዕድስ ዛሬ ነው እንዴ ትዝ ያለህ?"

ወንድሜነህ ክራቫቱን ነካካ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ አላነሣውም። እታለማሁ የሆነ ሰው ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ እየደወለለት ይሆናል ብላ አሰበች።

"ይውጣልኝ" አለች።

አሁን ፊቱ የቢሮ ሰው ፊት ሆነ። "እንደዚያ በቀላሉ አይወጣም። ውስጡ ያሉት ፋንዶች የፕላትፎርሙ የራሱ ናቸው፤ እንዳሉ ወደ ሌላ ቦታ አይዛወሩም። ይሸጣሉ። ሲሸጡ ደግሞ በትርፉ ላይ ታክስ ይመጣብሻል። ከስምንት ሺህ ዶላር አያንስም። ይህን ልጅሽ ነግራሻለች?"

አልነገረቻትም። እታለማሁ የወንበሩን ክንድ ያዘች። ሁልጊዜ የምትጠብቀው ክፉ ነገር ይኸው መጣ፤ ብትቀርም ገንዘቧ ይበላል፣ ብትወጣም ይበላል። ግን ጥያቄ አላለቀባትም።

"ታክሱ በየዓመቱ ነው?"

"ኧረ፣ አንዴ ነው።"

"እርግጠኛ ነህ? እንደ ያኛው ቃልህ እንዳይሆን።"

"አንዴ ነው፣ እታለም።"

"እንግዲያው ደላላው እሱ ነው" አለችና ቦርሳዋን አነሣች። "ይብላና ይሂድ።"

እስከ በሩ ሸኛት። እጁ የበሩ እጀታ ላይ እንዳለ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ማኅበር ላይ ግን ባታነሺው። ሰው ያልሆነ ነገር ይመስለዋል።"

 ደረጃውን ስትወርድ ያ ቃል ተከትሏት ወረደ። ማኅበር ውስጥ ስንቱ ነው እንደ ደላላ የተባለው?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወርቅውሃን ለብቻዋ ጠራቻት። ወርቅውሃ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጓደኛዋ ናት፤ እታለማሁን ስካይላይን ከሚባለው ሰፈር ከነበረው ቤቷ አንሥታ ወደዚህ ያመጣቻት እሷ ናት። ወንድሜነህ ለወርቅውሃ አበልጅ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። የእሷና የባሏ የጡረታ ገንዘብም እሱ ጋ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

"ወርቄ፣ ወንድሜነህ ያንቺን ሁለት ፐርሰንት አንዴ ነው ያለሽ?"

"አዎ፣ ከፍለን ጨርሰናል። ምነው?"

እታለማሁ ነገረቻት። ሁሉንም፣ ኢሜይሉንም ጭምር። ወርቅውሃ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ አዳመጠች። ስትጨርስ ግን ዓይኗ የእታለማሁ ዓይን ላይ አልነበረም፤ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ከሰው ጋር የሚሣቀው ወንድሜነህ ላይ ነበር።

"ልጄን ታቅፎ ክርስትና ያነሣ ሰው ነው" አለች በመጨረሻ። "ሁለት አይደለም አራት ይብላ።"

"ወርቄ፣ የድካምሽ ዋጋ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። አሁን አወቅሁ። እስከ ዛሬ ሳላውቅ ከፍዬ ሰላም እተኛ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ እያወቅሁ ልከፍል ነው። ምን አጎደልኩብሽ፣ እታለማሁ? ለምን ነገርሽኝ?"

ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ ሄደች። ወንድሜነህ ሦስት ጊዜ ሳማት። እንደ ሁልጊዜው።

ገንዘቡ ወጣ። ታክሱ ተከፈለ፤ አንዴ። ናዝራዊት ለእናቷ ተራ የሆነ፣ ርካሽ ፋንድ ውስጥ አስገባችላት። እታለማሁ ከወጥ ቤቱ ወጥታ የምትቀመጥበት ዓመት፣ ባታውቅ ኖሮ ከሚሆነው ቀረብ አለ። ማኅበሩ ግን የጥቅምቱን ድግስ ሳይነግራት ደገሰ፤ ስልክሽ አልሠራ ብሎን ነው አሏት።

በዚያው ሰሞን ገበያው ለተከታታይ ቀናት ወረደ። እታለማሁ ድንቹን ጥላ ማቀዝቀዣ ክፍል ገባች። ለናዝራዊት ደወለች፤ አላነሣችም። ከዚያ ጣቷ በልማዱ ሄደ። የወንድሜነህ ስልክ ሁለቴ ሲጠራ ነቃችና ዘጋችው።

ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ደውላለት ከዘጋች መልሶ ያልደወለበት ቀን አልነበረም። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ትንፋሿ እየጨሰ፣ የአይብ ካርቶን ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ከውጭ የሾርባው ድስት ገንፍሎ ሰው ስሟን ተጣራ።

አልደወለም።