ግድግዳው ማነው?

በልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ «ግድግዳው» የሚባለውን፣ ጸሐፊው የማይታወቅ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ በስልኩ የማያነብ አልነበረም። የአደጋ ጊዜ መውጫው በሰንሰለት መቆለፉን፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ቆማ ስትሠራ ተዝለፍልፋ መውደቋን፣ አለቃው «ሬሳም ቢሆን ሰዓቱን ይሙላ» ማለቱን ሳይቀር ያወጣዋል። ሠራተኛው አንገቱን ደፍቶ በሆዱ ይስቃል።

እጅጌ ገጣጣሚዋ ግን መሳቅ ካቆመች ሰንብታለች። የሚጻፈው ሁሉ እሷ በምትቀመጥበት መስመር የሆነ ነገር ነው። አለቃው ዐይኑን ጣል ባደረገባት ቁጥር «ጠረጠረኝ» ትላለች።

አንድ ጠዋት ማሽኖቹ እንዲቆሙ ታዘዘ። ለእያንዳንዱ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ታደለ።

«የምላችሁን ብቻ ጻፉ» አለ አለቃው፤ «የሠራተኛው ኀይል አለቀ።»

ከግድግዳው ገጽ የተወሰደ ቃል ነበር። የእጅጌ ገጣጣሚዋ እስክሪብቶ «የ»ን ጽፎ ቀጥ አለ። ገጹ ላይ «ሠራተኛ» በንጉሡ ሠ፣ «ኀይል» በብዙኃኑ ኀ ተጽፎ ማየቷ ትዝ አላት። ዛሬ ስልክ ላይ ፊደል ለይቶ የሚጽፍ ማን አለ? እሷን ከልጅነቷ ጀምሮ በኩርኩም እንዲህ ያስጻፋት አንድ ሰው ብቻ ነው።

አባቷ! በማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት የእርሳስ ፊደል ሲለቅም ኖሮ፣ ወገቡ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ላይ የዋለው አባቷ። ዜና እንዲሰማበት ስልክ የገዛችለት እሷ ናት። ከሥራ ስትመለስ እግሩን እያጠበች የዋለችበትን አንድ ሳታስቀር የምትነግረውም እሷው ናት።

እጇን እንደ ምንም አስገድዳ «የሰራተኛው ሀይል» ብላ አበላሽታ ጻፈች።

አለቃው ወረቀቶቹን አገላብጦ በ«ሠ» እና በ«ኀ» የተጻፈውን አንዱን መዘዘ። የልብስ ተኳሿ ነበር፤ ድሮ አስተማሪ የነበረች ዝምተኛ ሴት።

«ኧረ እኔ አይደለሁም! ስልኬ እኮ ኢንተርኔት እንኳ የለውም!»

ሁለት ዘበኞች ክንድ ክንዷን ይዘው አወጧት። ሁሉም ወደ ማሽኑ አቀረቀረ። እጅጌ ገጣጣሚዋም አቀረቀረች።

ቤት ስትደርስ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

«አባዬ፣ ግድግዳው አንተ ነህ?»

ሽማግሌው ስልኩን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠ። «አንጀቴ እያረረ እንዴት ዝም ልበል፣ ልጄ? ስምሽን አንድ ቀን አልጠራሁም።»

«በአንተ ፊደል ተኳሿን አባረሯት።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እኔ ነኝ ብዬ እጽፋለሁ» አለ።

«መጥተው ቢወስዱህስ? በየትኛው እግርህ ልታመልጥ?»

በማግስቱ አለቃው ቢሮ ገባች። «ተኳሿ የለችበትም። ወሬው የወጣው ከእኔ አፍ ነው።»

«ማን ጻፈው?»

«እሱን አልናገርም።»

አለቃው አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። ማኅደሯን አውጥቶ ጣቱን በመስመሮቹ ላይ እየጎተተ ቀስ ብሎ አነበበ።

«ከአባትሽ ጋር ነው የምትኖሪው፣ አይደል?»

መልሷን ሳይጠብቅ ማኅደሩን ዘጋ።

«ሂጂ፤ ነገም እንዳትመጪ» አላት።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ። የአባቷን አልጋ ከመስኮቱ አራቀችው። መኪና ደጃፉ ላይ በቆመ ቁጥር አባትና ልጅ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። በአምስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። አባቷ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ «ክፈቺ፤ የመጣው ይምጣ» አላት።

ተኳሿ ነበረች። ወደ ሥራ መልሰዋታል፤ ፊቷ ግን አልተፈታም።

«አመሰግናለሁ ልል አልመጣሁም» አለች በሩ ላይ እንደ ቆመች። «ሲጎትቱኝ እያየሽ ለምን ያኔውኑ አልተናገርሽም?»

«ፈራሁ።»

ተኳሿ ገባችና በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው።

«እኔም እንደፈራሁ ነው» አለች። «ስመጣ ከፋብሪካው በር ጀምሮ አንድ ሰው ሲከተለኝ ነበር።»