ከግራ ወደ ቀኝ

ጡረተኛው ሁለተኛው ኩባያ ውስጥ ሻይ ቀዱና ግማሹን መልሰው ደፉት፤ የተጠጣ እንዲመስል። ከዚያ ከወንበሮቹ ጀርባ ቆመው ጠረጴዛውን በስልካቸው ፎቶ አነሱ። ጎን ለጎን ሁለት ወንበር፣ ሁለት ኩባያ፣ መስኮት። ከሥሩ ጻፉ፦ «ከቡሩሽ ጋር ሻይ እየጠጣን ነው። ለደቂቃ ወጣ ብሏል።» ለልጃቸው ላኩት።

ጫማ ሰሪው ጎረቤታቸው ቡሩሽ የወጣው ለደቂቃ አልነበረም። ልጁ ዘንድ ሊኖር ዕቃውን ጭኖ ከሄደ ሦስት ወሩ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤታቸውን የሚረግጥ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ልጃቸው ደግሞ «ብቻህን ከሆንክ ሥራዬን ትቼ እመጣለሁ» ብላ ቁርጡን ነግራቸዋለች። ያንን ሥራ ለማግኘት ስንት ዓመት ደጅ እንደጠናች ያውቃሉ። ግትር ናት፤ በማን እንደወጣችም ያውቃሉ። ስለዚህ በየሳምንቱ ኩባያ ይደረድራሉ።

እንዲህ የሚያደርጉት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጋዜጣ ላይ ከፎቶ ሥር የሚወጣውን ጽሑፍ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። የአንድ ሰው ስም ቦታው ከተዛነፈ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። አሁን በራሳቸው ያፍራሉ።

ስልኩ ጠራ።

«አባዬ፣ ጋሽ ቡሩሽ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ነው። ያው፣ ወሬ አያልቅበትም።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ግራኝ የሆኑት?»

«እ?»

«የሁለቱም ኩባያ እጀታ ወደ ግራ ነው የዞረው። ያለፈው ሳምንትም እንደዚያው ነበር። ግራኝ አንተ ነህ።»

ጡረተኛው ጠረጴዛውን አዩት። የገዛ እጃቸው አሳብቆባቸዋል።

«አንቺ ደግሞ ነገር ስትፈልጊ!» ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

«አልቆጣህም። አሁን ስብሰባ ልገባ ነው። እውነቱን ጽፈህ ላክልኝ፣ እሺ?»

«እሺ፣ የኔ ልጅ።»

«ቡሩሽ ዛሬ ብቻ ነው ሳይመጣ የቀረው» ብለው ጻፉና አጠፉት። ሻዩ ቀዝቅዟል። ስልኩን መስኮቱ ላይ አስደግፈው፣ በራሱ ፎቶ እንዲያነሳ አስተካከሉና ሄደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ፎቶው ላይ ከሚያስቡት በላይ አርጅተዋል። የቱ ግራ፣ የቱ ቀኝ እንደሆነ እንደ ድሮው ሁለቴ አጣርተው ከሥሩ ጻፉ፦

«ከግራ ወደ ቀኝ፦ ባዶ ወንበር፣ አባትሽ።»

«ግን አትምጪ» ብለው ጨመሩበት። አነበቡት። እሱም እውነት አልነበረም። እሱን አጥፍተው ቀሪውን ላኩት።