ለአንድ ሰው የሚበቃ ባትሪ

ቡሬ፣ የባትሪ ነጋዴው ኑዕማን ሱቅ በር ላይ፣ ባሌ ያረጋል «ስንት ሰው ነው የሚጠቀምበት?» ተብሎ ሲጠየቅ አፉን ሞልቶ «አንድ ሰው» አለ። ያ አንድ ሰው እኔ ንግሥቴ ነኝ። ከሱቁ ፊት በቆመችው ሚኒባሳችን ውስጥ ተጋድሜ እሰማ ነበር። ሳቄ መጣ፤ ግን ለእኔ ሳቅ ከባድ ሥራ ነው፣ አየር ይበላል። እኛ አገር ለአንድ ሰው ብቻ ተብሎ የሚሠራ ነገር ከሬሳ ሣጥን በቀር አላውቅም።

ሳንባዬ አልቋል። ሐኪሙ ነገሩን ሊያለሳልስልኝ ሲሞክር «ይልቅ ቁርጡን ንገረኝ» አልሁት፤ ነገረኝ። ባሕር ዳር ሆስፒታል ቀጠሮ ተይዞልኛል። እዚያ እስክደርስ ከአፍንጫዬ ቱቦ መለየት የለብኝም። ቱቦው ከኦክስጅን ማሽን ጋር የተያያዘ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። እኛ በምንኖርበት በፍኖተ ሰላም መብራት እንደ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ እልል ይባልለታል፣ ሳይቀመጥ ይሄዳል። መንገዱም ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል፤ ተጓዡ መሀል ላይ ቀርቶ መኪና ውስጥ ይከርማል።

ስለዚህ ያረጋል መኪናዋን ቤት አደረጋት። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ስንት ዘመን ሰው ያመላለሰባቸውን ወንበሮች ነቅሎ ሸጠ። በቦታቸው አልጋ ገጠመ፣ መጋረጃ ሰቀለ፣ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ የዕቃ መደርደሪያ ሠራ። «የትም ቢያስቆሙን እዚሁ እንኖራለን። ስንጋባ እንኳ እንዲህ ያለ ቤት አልነበረንም» አለኝ። የቀረው መብራቱ ብቻ ነበር።

ለእሱ ነበር ቡሬ የሄድነው። ያረጋል በጎኑ ትልቅ የዋት ቁጥር የተጻፈበት ቀይ ኢንቨርተር፣ የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረውን ዕቃ፣ አንሥቶ «ይኸኛው ይሻላል፤ ቁጥሩ ትልቅ ነው» አለ።

«ቁጥሩን ተወው፤ ክብደቱን እየው» አለው ኑዕማን። «ባዶ ካርቶን ያነሣህ አይመስልህም? አምፖልና ቴሌቪዥን ያበራል። ሞተር ላለው ማሽን ግን መብራቱ ሸካራ ነው፤ እያንገጫገጨ ያቃጥለዋል። ይኸን ትንሹን ውሰድ። ፒውር ሳይን ይሉታል፤ ከምሰሶ እንደሚመጣው ያለ ለስላሳ መብራት ነው የሚሰጥህ።»

«ባትሪ እንኳ አለኝ። የጭነት መኪና፣ አዲስ።»

«የጭነት መኪና ባትሪ ሞተር አስነሥቶ የሚያርፍ ነው። ያንተ ቀስ እያለ ብዙ ሰዓት የሚሰጥ መሆን አለበት። ሁለት የሶላር ባትሪ ጎን ለጎን ታስራለህ፤ ጣራው ላይ የሶላር ሰሌዳ ትሰቅላለህ፤ ስትነዳ ደግሞ ከዲናሞው ይሞላልሃል። ግን ስማኝ ወንድሜ፣ ከግማሽ በታች እንዳታወርደው። የኢንቨርተሩ ቀይ መብራት በርቶ ሲጮኽ ነቅለህ አሳርፈው። ደጋግሞ ከተሟጠጠ ያብጣል፤ ካበጠ አይመለስም። ሌላ የሚሰካ ነገር አለ?»

«ምንም የለ። ለእሷ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ይበቃል።» ኑዕማን ወደ መኪናዋ መጥቶ በመስኮት አየኝ። «አላህ አፊያ ያድርግሽ እኅቴ» አለኝ።

ከቡሬ ወዲያ መንገዱ ዝግ ስለነበር እስኪከፈት ልንጠብቅ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስን። መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ ቆመች። በዚያው ሰሞን የከተማው መብራት ጭራሽ ጠፋ። ሰፈሩ ሁሉ ዝም ሲል የእኔ ማሽን ብቻ እንደ ጤነኛ ሰው ይተነፍስ ነበር። ከዚህ በሽታ ተርፌ እወጣለሁ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብሁ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ተስፋ አደረግሁ።

ከዚያ ጠያቂ መጣ።

መጀመሪያ የመጡት ጎረቤታችን አያ ገነነ ናቸው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው «እግዜር ይማርሽ ልጄ» አሉ። ደረሰ የሚባለው ልጃቸው ለቀን ሥራ መተማ እንደሄደ ድምፁ ከጠፋ ሰንብቷል። ጋቢያቸው ሥር ስልካቸውን ሲደባብሱ አየሁ።

«ስልክዎ ዘጋ እንዴ አያ?»

«ዘጋ ልጄ። ምናልባት ደውሎልኝ እንደሆነ ብዬ…»

«ያምጡት፣ ይሰካ።»

ያረጋል ቀና ብሎ አየኝ። ሽማግሌ ፊት ምን ይላል?

ቀጥላ እንቁ መጣች። እንቁ ከታመምሁ ጀምሮ ገላዬን የምታጥበኝ፣ ልብሴን የምታጥብልኝ ጎረቤቴ ናት። የራሷን ስልክ፣ የባሏን ስልክ፣ የአማቷን የእጅ ባትሪ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች። እኔን እርቃኔን ለምታገላብጠኝ ሴት ዓይኔን በጨው ታጥቤ እንቢ ልበላት? ከእሷ ኋላ ሰፈሩ ተከተለ። አንዷ ወተት፣ አንዱ ዳቦ፣ ሌላዋ እንቁላል ይዛ ትመጣለች። አይተውኝ ዕንባቸውን ይጠርጋሉ፤ ሲነሡ ደግሞ «አንድ ጊዜ ነፍስ ይዝራልኝ ብቻ» ብለው ስልካቸውን ያወጣሉ። ማንም ስልክ ልሰካ ብሎ አልመጣም፤ እኔን ሊጠይቅ ነው የመጣው። ስልኩ ግን አብሮት ይመጣል።

«ንግሥቴ፣ በዚህ የሐምሌ ደመና ሰሌዳው ምንም አይሞላም» አለኝ ያረጋል አንድ ቀን። «ሞተር ላስነሣ እንዳልል ያለችኝ ናፍጣ የመንገድ ናት። አይቻልም እንበላቸው።»

«አንተ በላቸው።»

«እላቸዋለሁ! ምን አስፈራኝ?»

አላለም። ጮክ ብሎ ይዝታል፤ ሰው ሲገባ ግን «ኖር» ብሎ ይነሣል። አንድ ጠዋት ቆርጦ ተነሣና የግቢውን በር ቆለፈው። ወዲያው ከውጭ የእንቁን ድምፅ ሰማሁ፤ «ኧረ ዘግተውታል! ምን ሆኑ? ሞታ ይሆን እንዴ?» እያለች በሩን ትደበድባለች። ሰው ተሰበሰበ፤ አንዷ ሴት ማልቀስ ጀመረች። «ክፈትላቸው አንተ፤ በቁሜ ሊያለቅሱልኝ ነው» አልሁት። ከፈተ። እንቁ ሮጣ ገብታ አቅፋ ሳመችኝ፤ ፊቷ በዕንባ ርሷል። ዕንባዋን ጠረገችና ስልኳን ሰጠችኝ። ሰካሁላት።

ይሉኝታ ነው በሉት። እኔ ግን ሌላም ነገር ነበረብኝ። ጠላኋቸው። እየሳምኋቸው ጠላኋቸው። ከሶኬቱ የተንጠለጠሉትን ስልኮች ባየሁ ቁጥር ሁሉም ደረቴን የሚጠቡት ይመስለኝ ነበር። ጠያቂ ሲቀር ደግሞ መኪናዋ ትጠበኛለች፤ የሰው ፊት ካላየሁ ይህ አየር ምን ይሠራልኛል እላለሁ። ሁለቱንም ፈለግሁ፤ ሁለቱንም የሚችል ባትሪ አልገዛንም።

የኢንቨርተሩ ቀይ መብራት ይበራ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ኢንቨርተሩ ሲጮኽ ያረጋል ስልኮቹን ይነቅላቸው ነበር፤ ሰዎቹም አፍረው ይወጣሉ። ኋላ ኋላ ጩኸቱን ለመድነው። አንድ ቀን ማሽኑ አቃሰተና ቆመ። ያረጋል ከአልጋዬ ሥር ባትሪዎቹን በእጁ ዳሰሳቸው፤ ብዙ ዳሰሳቸው። «አብጠዋል» አለኝ፣ ቀና ሳይል። የመኪናዋን የራሷን ባትሪ ፈትቶ ቀጠለልኝ፤ እሱም ጥቂት ሰጥቶ ደከመ። ከንፈሬ ጠቆረ፣ ዓይኔ ብዥ አለ። እንቁ እያለቀሰች በክዳን ታራግብልኝ ነበር።

አያ ገነነ እየሮጡ የመጡት እንዲህ ሆኜ ነው። «ደረሰ ደወለልኝ! ባሕር ዳር ገብቻለሁ አለኝ! ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ተከፍቷል ይላል፤ ተነሡ፣ ያረጋል፣ ንግሥቴን አድርሳት!» ስልካቸው ለመጨረሻ ጊዜ የተሞላው በእኔ ባትሪ ነበር። ልጃቸው በመገኘቱ ደስ አለኝ። ተቃጠልሁም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነው የመጣብኝ።

ሞተሩ እንቢ አለ። ስልኩን ሲሰካ የከረመው ሰፈር ሁሉ ወጥቶ መኪናዋን ገፋት፤ በጭቃው ውስጥ እየወደቀ፣ «እግዚኦ፣ እግዚኦ» እያለ። ቁልቁለቱ ላይ ተነሣች። በመስኮት እንቁ እጇን ስታወዛውዝ አየኋት፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች። እጄን ማንሣት አልቻልሁም።

ሞተሩ ሲሠራ ማሽኑም ከዲናሞው እየተቀበለ ሠራ። ቡሬ ስንደርስ ያረጋል ሞተሩን ሳያጠፋ ኑዕማን ሱቅ በር ላይ ቆመ። ኑዕማን ገብቶ ባትሪዎቹን አያቸው፣ ከዚያ ያረጋልን አየው። «ስንት ሰው ነው የተጠቀመበት?» አለ።

«ሌላ ባትሪ እንዳልሰጥህ ዕቃ አልገባልኝም፤ መደርደሪያው ባዶ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሞተሩን አታጥፋ። እሱ እስከሠራ ማሽኑም ይሠራል። ከቆመ ግን በዚህ ባትሪ ስልክ እንጂ ማሽን አይነሣም።»

ዳንግላን አለፍን። መራዊ ሳንደርስ መኪና ተሰልፎ ቆሞ አገኘን። መንገዱ እንደገና ተዘግቷል አሉ፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ያረጋል ሞተሩን አላጠፋም። ወርዶ ናፍጣ ለመነ፤ ሁሉም የራሱን ፈርቶ አንገቱን ደፋ። ተመልሶ መሪውን ጨብጦ ተቀመጠ፣ የናፍጣውን መለኪያ ቀስት እያየ። ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል። ሞተሩ ሁለቴ ተንቀጠቀጠና ቆመ። ማሽኑም ተከትሎት ቆመ።

ያረጋል ወደ እኔ መጥቶ ራሴን ጉልበቱ ላይ አሳረፈው። መስኮቱን ከፈተው፤ የእርጥብ በቆሎ ሽታ ገባ። አየሩ እዚያው ነው፣ በመስኮቱ በኩል፣ ለሁሉም የሚበቃ። እኔ ዘንድ ግን አይደርስም። መሞት አልፈልግም። ይህን ለያረጋል ልነግረው ፈለግሁ፤ ለቃሉ የሚሆን ትንፋሽ አጣሁ።

አንዲት ሴት ከፊታችን ካለው መኪና ወርዳ በዝናብ መጣች። የኢንቨርተሩን ትንሽ መብራት አይታ ይሆናል። መጋረጃችን በከፊል ተዘግቷል፤ እኔን አላየችኝም። «ወንድሜ፣ መብራት ያላችሁ መሰለኝ። እናቴ መራዊ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ መቅረቴን እንኳ ብነግራት…» አለች፣ ስልኳን በነጠላዋ ከዝናብ ሸፍና።

ያረጋል ይጮኽባታል ብዬ ጠበቅሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲጮኽ ፈለግሁ። እስካሁን ያልጮኸውን ሁሉ ጩኽባት፣ አባርራት፣ ገና አለሁ በላት እያልሁ በዓይኔ ለመንሁት።

«አምጪው እኅቴ» አላት።

ጉልበቱን ከራሴ ሥር ቀስ አድርጎ አወጣ። የማሽኔን ሽቦ ነቅሎ በቦታው የእሷን ስልክ ሰካላት። ወደ እኔ አልዞረም። ስልኩ በራ።