ስጠራው ይዞራል

ልብስ ሰፊዋ ልጇን ይዛ ወደ ሆስፒታሉ ምርመራ ክፍል ስትገባ፣ ልጁ እስካሁን ለምን እንዳልተናገረ መልሱን ከቤቷ ይዛ ነበር የመጣችው። አማቷ «አባቱም አፉን የፈታው በአምስት ዓመቱ ነው፤ አሁን ማን ዝም ያሰኘው!» ብለዋታል።

መርማሪዋ ልጁን ምንጣፍ ላይ ከመጫወቻ ጡቦች ጋር አስቀምጣ ከኋላው በስሙ ጠራችው። አልዞረም። ቃጭል አቃጨለች። ልጁ ጡብ በጡብ ላይ መከመሩን ቀጠለ።

«ጆሮውስ ደህና ነው» አለች እናቱ። «እንደ አባቱ ደስ ሲለው ነው የሚሰማው። ቤት ስጠራው ግን ወዲያው ይዞራል።»

«እንዴት ነው የምትጠሪው፣ እህቴ?»

«እንዴት ይባላል? ስፌቴን አቆምና ‹ማሙሽ!› እለዋለሁ።»

«እሱ የት ሆኖ?»

«የስፌት መኪናውን እግር ተደግፎ ነዋ። ከዚያ ንቅንቅ አይልም።»

መርማሪዋ የልጁን ጀርባ ተመለከተች። «ምናልባት የሚዞረው ድምፅሽን ሰምቶ ላይሆን ይችላል። መኪናው ሲቆም ጀርባው ላይ የሚሰማው ንዝረት ይቋረጥበታል። እርግጡን ለማወቅ ጆሮው በመሣሪያ ይታይ፤ ማዶ ያለው ክፍል ነው፣ አሁኑኑ ውሰጅው።»

ነገሩ ዞረባት። ምክንያቱ ሊታወቅ ነው ብላ ደስ ይበላት ወይስ ታልቅስ? ያ ሁሉ እሹሩሩ፣ ያ ሁሉ ቁጣ ታዲያ የት ገባ? ተነስታ ቦርሳዋን አነገተች። ልጁ ጀርባውን ሰጥቷት ጡቡን ይከምራል። ልትጠራው አፏን ከፈተችና እንደዚያው ቀረች፤ በምን እንደምትጠራው ጠፋባት።